ለሊቶሪና የተላከ ሽማግሌ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለናሁሰናይ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? መድኃኔ ዓለም ካለህበት ይጠብቅህ፣ የሰው አገር አይክበድህ። እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ገና ሥራ አልለቀቀም።

«ይቺ ሴትዮ ማናት?» እንዳትል ላስታውስህ። የአያትህ የኪዳነ ምሕረት የአጎት ልጅ የሺአረግ ማዘንጊያ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመትህ ሳለ ከአያትህ ጋር ለሰርግ መጥተህ ሁለት ሳምንት እኔ ቤት ሰንብተሃል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ካርድ እንላላካለን፤ ዘንድሮ ግን ካርድ የማይበቃው ጉዳይ አለኝ። በስልክ ያልነገርኩህ ጆሮዬ ስለ ደከመ ነው። በስልክ የሚነገረኝን ሁሉ «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ነው የምመልሰው፤ ባለፈው እንዲሁ ስል ለካ መርዶ እየተነገረኝ ኖሯል። ምድር ባቡር ትኬት ቆራጭ ሳለሁ የያዝኩት የፖስታ ሣጥን ግን ዛሬም በእጄ ነው።

ሊቶሪናን ታስታውሳታለህ? ኤሊዋን? ጀርባዋ ላይ ቁጭ ብለህ «ሂጂ!» ስትላት አንገቷን ሰብስባ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አልነቃነቅ ያለችህ እሷ ናት። ስሟን ያወጡላት የአባቴ የሥራ ጓደኞች ናቸው። ሊቶሪና በዚያ ዘመን ከጅቡቲ መስመር ባቡሮች ሁሉ ፈጣኗ ነበረች፤ የባቡር ሰው ቀልዱ እንዲህ ነው።

ይቺ ኤሊ እስካሁን ሦስት ባለቤት ቀብራለች። መጀመሪያ የአንድ ግሪክ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ሰውዬው ሲሞት ማንም ሳያስባት ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ሦስት ሳምንት ተዘግቶባት ከረመች። ቤቱ ሲከፈት አባቴ አይቶ አዘነላትና ወሰዳት። አባቴ ሲሞት ደግሞ ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ በሩ ተከፍቶ ቀረና ሄደች፤ የአባቴ አርባ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሐዲዱ ዳር ተገኘች። ወንድሜ ሰይፈ ሚካኤል ተረከባት። እሱ ሲያርፍ ተከራዮቹ ለአንድ ስልክ ጠጋኝ ሰጧት። ነጠላ ጫማ ልገዛ የኛው ታይዋን ገበያ ሄጄ ምን ባይ ጥሩ ነው? የኛዋ ሊቶሪና ሱቅ በር ላይ ተገትራ፣ ጀርባዋ ላይ በቀይ ቀለም የሰውዬው ስልክ ቁጥር ተጽፎባት! ገበያው እስኪሰበሰብ ተጨቃጭቄ በባጃጅ ጭኜ አመጣኋት። በሳሙና ብፈትግ ብፈትግ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች እምቢ ብለው ዛሬም ይነበባሉ።

እንግዲህ አራተኛዋ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። የሷን ዕድሜ የሚያውቅ የለም። አንድ የእንስሳት ሐኪም ገልብጦ አይቷት «ገና አርባ ዓመት ትኖራለች» ብሎኛል። አርባ ዓመት ከየት አመጣለሁ? ለሬሳዬ እድር አለኝ፣ ለነፍሴ ንስሐ አባት አለኝ፤ ለሊቶሪና ግን ማንም የለኝም። ሦስት ጊዜ ባለቤት አልባ ሆና ሦስቱንም ጊዜ ተንገላታለች። አራተኛው መንገላታት በእኔ ምክንያት እንዲሆን አልፈልግም፤ ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል።

ስለዚህ አንተ ጋ ልላካት? አውሮፕላን እንስሳ ይጭናል ይላሉ። የምትበላው የሐብሐብ ልጣጭ፣ ፓፓያ፣ በለስ፣ ካጣች ሣር ነው። አትጮህም፣ አትናከስም፣ ጎረቤት አታማም። ሚስት ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አታገኝም ነበር።

መልስህን እጠብቃለሁ።
አክስትህ የሺአረግ


በርገን፣ ኖርዌይ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺአረግ፤

እንዴት ሰነበቱ? የጉልበትዎ ነገር አሳስቦኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዝናቡ ከነሐሴ ጀምሮ አላባራም፤ እዚህ ሰው ፀሐይ የወጣች ዕለት ከሥራ ይቀራል። ከካርድ የወፈረ ፖስታ ሳይ ሰው የሞተ መስሎኝ ቆሜ ነው የቀደድኩት። ኤሊ መሆኗን ሳውቅ ተቀምጬ ደግሜ አነበብኩት።

ሊቶሪናን እንዴት እረሳለሁ? ያን ቀን ከእልኸኝነቷ የተነሣ አልቅሻለሁ። እኔም በዘር ነው መሰለኝ የከተማ ባቡር ነጂ ሆኛለሁ። አዲሱን ዩኒፎርሜን ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ከውሻዋ ጋር ሁልጊዜ የምትሳፈር አንዲት አሮጊት አለች። ባለፈው ቦርሳዋ ወድቆ ዕቃዋን ስለቅምላት ትንሽ ካርድ አገኘሁ። «ቤቴ ውሻ አለ፤ አንድ ነገር ከሆንኩ በዚህ ቁጥር ደውሉ» ይላል። ቁጥሩ የልጅዎ ነው ወይ አልኳት። «የጎረቤቴ ነው» አለችኝ። «ልጄ እስኪደርስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ውሻው ግን በዚያው ቀን ይርበዋል።»

እትዬ የሺ፣ እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወረቀቱ ሁሉ ቢሳካ እንኳ ሊቶሪና እዚህ ዕድሜዋን የምትጨርሰው ሣጥን ውስጥ ነው፣ ፀሐይ ብላ አምፖል እየሞቀች። እምቢ ማለቴ አይደለም፤ ለሷ ማዘኔ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? በካርድዎ ሁሉ ስማቸውን የሚጠሩልኝ እነ ቱሪያ አጠገብዎ አሉ። እነሱን ለምን አይጠይቋቸውም?

አክባሪዎ
ናሁሰናይ


ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ናሁ፤

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰህ። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ተናድጃለሁ።

ምክርህን ተቀብዬ ነበር። ቱሪያና ባሏ ሊበን ሃያ ስምንት ዓመት ጎረቤቶቼ ናቸው። ሊበን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አሁን ወገቡ አስቸግሮት ቤት ውሏል። ልጃቸው ፋርሂያ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት ጠዋት ለሊቶሪና በአጥር ላይ የሐብሐብ ልጣጭ የምትወረውር እሷ ናት። ፎቶህ የደረሰኝ ዕለት ለቱሪያ አሳይቻት ነበር። «ማሻአላህ፣ ሚኒስትር ይመስላል! ሚስት አለችው?» አለችኝ። የለችውም፣ ለጊዜው ባቡሩን ነው ያገባው አልኳት። ይህ ሁሉ ከመጣላታችን በፊት ነው።

በአጥር ላይ ጮኼ «ኤሊዬን ውሰዱልኝ» ማለት አደራውን ማቅለል መሰለኝ። በአጥር የሚጠየቅ ጨውና ሽንኩርት ነው። አርባ ዓመት የሚቆይ አደራ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው ብዬ ጋሽ ዘገዬን ጠራሁ። ጋሽ ዘገዬ የድሮ ባቡር ነጂ ነው፤ በዚህ ሰፈር ያለ እሱ ሽምግልና የለም። ነገርንም የሚነዳው እንደ ባቡሩ ነው፤ ፊሽካ ካልተነፋ አይነሣም፣ ከተነሣ ደግሞ በመካከል አይወርድም። የእድራችንን ሁለት አባቶች ጨምሮ ከገና በኋላ ባለው እሑድ ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ግቡ ተባሉ፣ ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ ግን እንደ ደንቡ «የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። ጋሽ ዘገዬ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«እምቢ ብለዋል።»

«ምን አሉ?»

«ሊበን አክብሮ ነው የመለሰኝ። የሺን እንወዳታለን፣ ግን ሃይማኖታችን አይፈቅድም አለ።»

ሃይማኖት! ልጄ፣ ኤሊ ምን ሃይማኖት አላት? ሃያ ስምንት ዓመት በረመዳን ሳምቡሳው በአጥር ሲሻገርልኝ፣ በፋሲካ የኔ ድፎ ዳቦ ሲሻገርላቸው ሃይማኖት የት ሄዶ ነበር? አንፈልግም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቱሪያ ስታየኝ ዓይኗን ትሰብራለች። እኔም አጥሩ ጋ መቆም ትቻለሁ። የሐብሐቡ ልጣጭም ቀርቷል፤ ሊቶሪና ግን ምን ታውቃለች፣ በየጠዋቱ አጥሩ ሥር ሄዳ ትጠብቃለች። እሱን ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ከፋሲካ በኋላ ከከተማው ውጭ ሐርላ ወስጄ ከድንጋዩ መካከል እለቃታለሁ። ዘመዶቿ እዚያ ናቸው ይላሉ። ከሰው እጅ መብላት የለመደች ኤሊ እዚያ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ፣ አትንገረኝ። ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ነጥብ ውሃ አይደለም። አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፋሲካ በፊት ከሞትኩ መጥተህ አንተ ልቀቃት። ለሌላ ስልክ ጠጋኝ እንዳትተዋት።

የሺአረግ


በርገን
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺአረግ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ግን ከሰላምታውም በፊት እባክዎን ሊቶሪናን የትም አይውሰዷት።

ደብዳቤዎ ዛሬ ነው የደረሰኝ። ካሂን የሚባል ጅግጅጋ የተወለደ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ጥሩ ሙስሊም ነው፣ አንድ ሶላት አያልፈውም። ኤሊ ማሳደግ በእናንተ ዘንድ ክልክል ነው ወይ አልኩት። «ማን አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኩት፤ ሽማግሌዎቹን፣ ጋቢውን፣ አንቀመጥም ማለታቸውን። ሳቁን አቆመና «ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ቤት ያላገባች ልጅ አለች?» አለኝ። አለች አልኩት። «ሦስት ሽማግሌ እኛ ቤት መጥቶ አልቀመጥም ቢል እናቴ መጀመሪያ የምትደብቀው እህቴን ነው» አለ።

እትዬ የሺ፣ እንዳይቆጡኝ። ጋሽ ዘገዬ ያን ቀን ኤሊ የሚለውን ቃል ከአፋቸው አውጥተዋል? ደግሞስ ፎቶዬን ለቱሪያ ካሳዩአት በኋላ ስንት ቀን ቆይተው ነው ሽማግሌ የላኩት?

እዚህ ሆኜ ፊቴ ቀልቷል። የማላውቃት ልጅ ከነቤተሰቧ እምቢ ያለችኝ መስሎ እየተሰማኝ ነው።

ቶሎ ይጻፉልኝ።
ናሁሰናይ


ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለብልሁ ልጄ ለናሁሰናይ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ፤ ዘግይቼ ነው የምልህ። በመካከሉ ሥራ በዛብኝ። ጽሑፌ ከተንጋደደብህ ደግሞ ጥፋቱ የእስክሪብቶው ነው።

ደብዳቤህ በመጋቢት መጀመሪያ ደረሰኝ። አንብቤ ሳልጨርስ ጋሽ ዘገዬን አስጠራሁት።

«ያን ቀን ለነ ሊበን ምን አልካቸው?»

«እንደ ደንቡ።»

«ኤሊ ብለሃል?»

ጋሽ ዘገዬ አሰበ፣ አሰበ። «እሱ ጋ ገና አልደረስኩም ነበር» አለኝ። «መቅድሙ ላይ ነበርኩ።»

መቅድሙን በል እስቲ አልኩት። ተነሥቶ ቆሞ፣ ጋቢውን አስተካክሎ አወረደው። የሁለቱን ቤቶች ጉርብትና አወደሰ። ጉርብትናው ወደ ማይፈርስ ዝምድና እንዲያድግ ተመኘ። ሩቅ አገር ያለህን አንተን ሳይቀር «የቤቱ አለኝታ» ብሎ አነሣህ። ሊበን ከዚህ በላይ እንዲሰማ ማን ይፈርድበታል? ሰውዬውን ከማሳፈር ብሎ በመካከል አቋርጦ መልሶታል። ጋሽ ዘገዬ ደግሞ የቤት ጌታ ሲናገር ጣልቃ አይገባም፤ እጅ ነስቶ ወጣ። ሽበቱን ባላከብር ኖሮ በያዝኩት መጥረጊያ ነበር የምለው።

ያንኑ ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ እነ ቱሪያ ቤት ሄድኩ። በሁለት ወር ውስጥ ያን በር ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ቱሪያ ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች።

«ቱሪያ፣ ሽማግሌ የላክሁት ለኤሊዋ ነው» አልኳት።

«ለምኗ?»

«ከሞትኩ በኋላ እንድትይዙልኝ።»

«ያ ረቢ!» ብላ በሩን ይዛ ቁጭ አለች። «አቦ እኛ ለፋርሂያ መስሎን! ለዚያ ለባቡሩ ልጅ! ወላሂ የሺ፣ ሁለት ወር ሙሉ እንዴት ብዬ ዓይንሽን ልየው እያልኩ በጓሮ በር ነው የምወጣው።»

ሊበን ከውስጥ ሰምቶ መጣ። ወገቡን ይዞ እየሳቀ «አቦ ሰውዬው ዝምድና ዝምድና ሲለኝ ኤሊ ከየት ልገምት!» ይላል። እኔም ስቄ ስቄ መጨረሻ ላይ አለቀስኩ፤ ቱሪያም አለቀሰች። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገብተው ስለነበር ሁለታችንም ጾመኞች ነን፤ አንዲት ብርጭቆ ውሃ የሚያቀርብልን አልነበረም። በባዶ ሆድ ታረቅን።

ፋርሂያ ከሥራ ገብታ ሲነገራት «በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች።

«ስለ ኤሊዋ ነው ወይስ ስለ ልጁ?» አላት አባቷ።

«ስለ ሁለቱም። ኤሊዋን እወስዳለሁ» አለች።

እንግዲህ ልጄ፣ ቻለው።

የሐብሐቡ ልጣጭ በማግስቱ በአጥር ላይ መጣ። ሊበን ግን ነገሩን በሳቅ ሊዘጋው አልወደደም። «ሽማግሌ ልካችሁብናል፤ የሽማግሌ መልስ ደግሞ በሽማግሌ ነው። ጊዜ ስጡን» አለኝ። ምን እንደሚያስብ አልገባኝም፤ አደራውን ለፋርሂያ እንደሚያጸናልኝ ግን ልቤ አምኗል። ሐርላ መሄዱ ቀርቷል። ካሂን ለሚባለው ልጅ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ።

አክስትህ የሺአረግ


በርገን
ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺ፤

ካሂን ደብዳቤዎን ሳነብለት መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። በቀን ሦስት ጊዜ «መቅድሙ ላይ ነበርኩ» እያለ ያስቀኛል።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከነ ቱሪያ ጋር የታረቁት መጋቢት ላይ ነው፤ የጻፉልኝ ግን ግንቦት ላይ። እንዲህ ያለ የምሥራች ይዘው ሁለት ወር ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ጽሑፉን ደግሞ ጎን ለጎን አድርጌ ከበፊቱ ጋር አስተያየሁት። እስክሪብቶ እንዲህ አያደርግም።

ምን ሆነው ነበር? የቅርብ ሰው እስኪነግረኝ አልጠብቅም፤ ከእርስዎ ነው መስማት የምፈልገው።

ናሁሰናይ


ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ናሁሰናይ፤

መድኃኔ ዓለም ዕድሜህን ያርዝመው። ለጠየቅኸኝ እመልስልሃለሁ፤ ባትጠይቀኝም ዘንድሮ መደበቂያ አጥቻለሁ፣ ጉዳዩ በአደባባይ ወጥቷል።

ከአረፋ በኋላ ባለው እሑድ ረፋዱ ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የሰፈራችን መስጊድ አባት ሐጂ ሙስአብ፣ የሊበን ታላቅ ወንድምና፣ ማን ይመስልሃል? ጋሽ ዘገዬ!

«አንተ ደግሞ የማን ወገን ነህ?» አልኩት።

«እኔ የሽምግልና ወገን ነኝ» አለኝ። ይህን ጊዜ ግን ሌሎቹ አፉን እንዳይከፍት አስቀድመው አስምለውታል።

ወንበር አቀረብኩ። አንቀመጥም አሉ። ያን ጊዜ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ሐጂ ሙስአብ በሚወርድ በሚወጣ ነገር ሳያስረዝም ተናገረ።

«የሺ፣ አንቺ እንድንጠብቅልሽ የሰጠሽን አንድ ነፍስ ነው፤ እኛ የምንጠይቅሽ ሁለት ነው። ኤሊዋን ከነባለቤቷ ስጡን። ከነ ሊበን ጋር በታረቅሽ ሳምንት ሊቶሪናን ከውሃ ሮቶው ሥር አወጣለሁ ብለሽ የወደቅሽ ቀን ከቀትሩ የዙሁር አዛን እስከ አሱር አዛን መሬት ላይ ተኝተሽ ነበር። የአንድ ብሎኬት አጥር ነው የጋረደሽ። ፋርሂያ ልጣጭ ልትጥል ባትመጣ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። ስለዚህ አጥሩ ይከፈት። ሊቶሪና ሁለቱን ግቢ ትርገጥ። አንቺ ከፋርሂያ ጎን ባለው ክፍል እደሪ፤ ቤትሽ ቤትሽ ነው፣ ቀን ቀን ትከፍቺዋለሽ፣ ዕቃሽን የሚነካ የለም።»

ይኸው ሰማህ። ወድቄ ነበር። ስድስት ቀን ሐኪም ቤት ተኛሁ፤ ልብሽ ደክሟል አሉኝ። ግራ እጄ አሁን ተሽሎታል፣ ቀኜ ነው ገና የሚንቀጠቀጠው። ሩቅ ሰው ቢሰማ ከመጨነቅ በቀር ምን ያደርጋል ብዬ ደበቅሁህ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ቱሪያ አጥሩ ጋ ቆማ ታዳምጥ ነበር። አላስቻላትም፤ አሻቅባ «ለሥጋሽ የራስሽ ድስት፣ የራስሽ ቢላ አለሽ! ጾምሽን እንደሆነ ከአንቺ በላይ እኔ ነኝ የማውቀው!» ብላ ጮኸች። ሐጂ ሙስአብ ፈገግታውን በጢሙ ሸፈነ።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ አባቴ ሽማግሌ ይመጣልኛል ብሎ ብዙ እሑድ ከቤት ሳይወጣ ውሏል። አልመጣም። አንድም ቀን በእኔ ላይ ሽማግሌ ተልኮ አያውቅም። ከዚያ ትኬት ስቆርጥ፣ ሰው ስሸኝና ስቀበል ዕድሜዬ ሄደ፤ አልከፋኝም፣ እንዲያውም ብቻዬን መኖሬን እኮራበት ነበር። አሁን በሰባ አራት ዓመቴ ሦስት ሰው በሬ ላይ ቆሞ «ስጡን» ሲለኝ ግን ደስ አለኝ። እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ዋጥኩት። የተጠየቀች ሴት ለራሷ አትመልስም፤ የሚመልሰው ቤተ ዘመድ ነው። አባት የለኝ፣ ወንድም የለኝ፣ አያትህም የለችም።

«ቤተ ዘመዴን ላማክር» አልኳቸው።

«ቤተ ዘመድሽ የት ነው?»

«ኖርዌይ።»

ተያዩ። ሐጂ ሙስአብ «እንጠብቃለን» አለ። ለሐምሌ 27 እሑድ ቀጠሮ ሰጠኋቸውና እንደ ቆሙ ሄዱ።

ስለዚህ ዛሬ የምለምንህ ስለ ሊቶሪና አይደለም፤ የሷ አልቋል፣ ፋርሂያ ተረክባታለች። ስለ እኔ መልስ ስጥ። እምቢ ብትል አልቀየምህም። እኔ እዚህ ላይ ምንም አልልም፣ ሙሽራ አትናገርም። ግን ሊበን መዶሻ ተውሶ አምጥቶ አጥሩ ላይ አስደግፎታልና ብዙ አታቆየን።

አክስትህ ወይዘሪት የሺአረግ ማዘንጊያ


በርገን
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፤

ይህን ደብዳቤ ሐምሌ 27 ቀን ጋሽ ዘገዬ በሽማግሌዎቹ ፊት ያንብቡልኝ። ዘንድሮ መናገር ተከልክለዋልና ንባቡ ይካሳቸው። በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ለተከበራችሁ ለሐጂ ሙስአብና አብረዋቸው ለቆማችሁ አባቶች፤

ሰላምና ጤና ከእናንተ ጋር ይሁን። በእድሜ ከሁላችሁም አንሳለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አፌን የከፈትኩት ዕድሉ ስለ ደረሰኝ ነው።

ጥያቄያችሁን ሰምቼ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ለማሰብ የሚያስቸግር ሆኖ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቄ ስለማላውቅ ነው። አሥራ አራት ዓመት በሰው አገር ስኖር ፈቃድ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ። የእኔን ቃል ቆሞ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ደብዳቤውን ያነበብኩ ዕለት ባቡሩን ስነዳ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

እንደ ልጅቷ ወገን ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። በየወሩ በመድኃኔ ዓለም ቀን ባጃጅ ተጠርቶላት ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፤ ጉልበቷን ይዛ በእግሬ እሄዳለሁ ብትል አትስሟት። የሐኪም ቀጠሮዋን ፋርሂያ ትያዝ፤ እሷ ደኅና ነኝ ስትል አንድም ሰው አይመናት፣ እኔን አታልላኛለች። ሦስተኛው፣ እንደገና ብትታመም ለእኔም ይነገረኝ። ምንም ላላደርግ እችላለሁ፤ መጨነቅ ግን መብቴ ነው።

ጥር ላይ እመጣለሁ። የዓመት ፈቃዴን ዛሬ ጠይቄ ተቀብያለሁ። ለፋርሂያ ደግሞ እንዳትሰጋ ንገሩልኝ፤ የምመጣው ዘመዴን ልጠይቅና የተዛመድኳቸውን ሰዎች ልተዋወቅ ነው።

የሺአረግ ማዘንጊያ የቤታችን ታላቅ ናት። ተጠይቃ የማታውቅ ሆና ሳይሆን ጠያቂው ዘግይቶባት ነው እስካሁን የቆየችው። በእምነቷ፣ በክብሯ፣ ከነግልፍተኝነቷና ከነኤሊዋ፣

ሰጥተናል።

ስለ ቤተ ዘመዱ፣
ናሁሰናይ